የኪራይ አውሮፕላናችን ነገር

ይድረስ ለእታለም ለየሺእመቤት፤ አስመራ።

እታለም፣ እንዴት ከረምሽ? ያ የሚያንገላታሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ጋሼ ኃይለ ሚካኤልስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ ውበቴና ፈንታነሽ አደጉ? ትምህርታቸውን ይገፋሉ? እኛ አንቺን ከመናፈቅ በቀር በጤና በኩል ምን ጎደለን? አባባም እናታችንም በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ። ከዚህ ወዲያ ግን የምነግርሽ ደህና ወሬ የለኝም።

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ያልመለስኩት ንቄሽ አይደለም፤ ምን ብዬ ልጻፍ? በየደብዳቤው «አውሮፕላኗ እንዴት ሆነች?» ትይኛለሽ። አውሮፕላኗ ሄደች፣ እታለም። ሥራችን አበቃለት። ጋሼ ኃይለ ሚካኤል «የሚስቴ ወንድም አያሳፍረኝም፣ በደንብ ያሠራታል» ብለው አውሮፕላኗን ላከራየን ለአዲስ አበባው ባለቤቷ ቃል ገብተውልኝ ነበር። አንገታቸውን አስደፋኋቸው።

መጀመሪያ ላይ እኮ ሥራ ነበረን። ከአዲስ አበባ ሞጣ በመኪና ሁለት ቀን ሲያለፋ እኛ ረፋድ ላይ ተነስተን ለምሳ እናደርሳለን። ችግሩ ሌላ ነበር። ቤንዚኑ በበርሜል ተጭኖ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ እስኪመጣ አብራሪያችን ካፒቴን ማናዬ ጥፍሩን ይበላል። ከማረፊያው ሜዳ ከብት አስነድቼ ዞር ከማለቴ ሌላ መንጋ ይገባል። አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች ተሳፋሪውን መመዘን ግድ ነው፤ አንድ ባላባት የእህል ሚዛን ላይ ውጡ ብላቸው «እኔን እንደ ጤፍ?» ብለው ከዘራቸውን አነሱብኝ። ማለዳ እንነሳለን ስል ቅዳሴ ካልወጣ የማይመጣ አለ፤ ሲመጣም ሙክት እየጎተተ «ይሄ ደግሞ ምን ይከብዳል?» ይለኛል። ያን ሁሉ ችዬው ነበር። እየተናደድኩም ቢሆን ያስቀኝ ነበር።

ጉድ ያፈላብኝ ሚያዝያ ላይ ያደረግሁት ነው። የሞጣው ነጋዴ አቶ አካለ ወልድ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ አረፉ። ሚስታቸው ወይዘሮ ባንቺዓለም በካፒቴን ማናዬ እግር ላይ ወድቀው «ባሌ ከአባቶቹ ተለይቶ በሰው አገር አይቀበርብኝ» ብለው አለቀሱ። ማናዬ ምን ላድርግ ብሎ ቴሌግራም ላከልኝ፤ እኔም ሳላቅማማ አምጣቸው አልኩት። አንቺስ ብትሆኚ እምቢ ትይ ነበር? የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ ሬሳውን ይዞ መጣ። አገር ምድሩ ሜዳ ወጥቶ እየጠበቀ ነበርና በሩ ሲከፈት ለቅሶው ቀለጠ። ጊዮርጊስ ወስደን ቀበርናቸው። ያን ቀን ያልመረቀኝ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ አዲስ አበባ የሚሄዱ አራት ተሳፋሪዎች ነበሩኝ። አንዱ ልጄ ታመመብኝ አለ፣ አንዱ ክፉ ሕልም አየሁ አለ፤ ሁለቱ ጭራሽ ጠፉ። ሬሳ ስለጫነች እንደፈሯት ሲገባኝ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ አባ ገብረ ክርስቶስን ለምኜ አውሮፕላኗን ጠበል አስረጨኋት። ያውም በገበያ ቀን፣ ሰው ይይልኝ ብዬ! አየልኛ! «ነገር ባይኖርባት ጠበል ምን ያደርግላት ነበር?» ተባለ። እስከዚያ ድረስ የተጠራጠረውም ያን ቀን አረጋገጠ። ስምም አወጡላት፤ ቃሬዛዋ አሏት።

ከዚያ ወዲህ የሚፈልገን ሬሳ ያለበት ብቻ ሆነ። አንድ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ፣ ሁለት ጊዜ ከአዲስ አበባ ለመኑን። ማናዬ ግን ሁለተኛ ከጫንን በሕይወት ያለ ሰው ጨርሶ አይወጣብንም ብሎ አሻፈረኝ አለ፤ እውነቱን ነው። ባለቤትየውም እስከ ሰኔ ሚካኤል ተሳፋሪ ካላገኛችሁ አውሮፕላኔን መልሱልኝ ብሎ ጻፈ።

ቢቸግረኝ አባባን ለመንኩ። በገበያ ቀን ሰው ሁሉ እያያቸው ተሳፍረው ቢቸና ደርሰው ቢመለሱ ሌላውም ይደፍራል ብዬ ነው። ሦስት ቀን ሲያስቡበት ከረሙና «ልጄ ከሚዋረድ እሺ» አሉ። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ገና አንድ እግራቸውን መወጣጫው ላይ ሲያሳርፉ እናታችን «ወየው ጌታዬ!» ብላ ጮኸች። ልታለቅስ አስባ አይደለም፤ አመለጣት። የአቶ አካለ ወልድ ዘመዶች ጥቁራቸውን እንደለበሱ ቆመው ነበርና ተቀበሏት፤ ወዲያው ሴቱ ሁሉ ደረቱን ይደቃ ጀመር። እታለም፣ አባባ በቁማቸው ተለቀሰላቸው! በገዛ ለቅሷቸው መሐል ቆመው ግራ ቀኙን አዩና እግራቸውን መለሱ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በሚካኤል ማግስት ማናዬ ሊያስረክባት ተነሳ። «ና አብረን እንሂድ፤ ፈርመህ ታስረክባለህ» ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ሜዳው ላይ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም። ወንበሮቹ ቦታቸው ተመልሰዋል፤ ውስጧም ጸድቷል፤ ያጸዳሁት እኔው ነኝ። ጉዳይ አለብኝ፣ በመኪና እደርሳለሁ አልኩት። ማናዬ ትኩር ብሎ አየኝና በሩን ዘግቶ ብቻውን ሄደ።

ምንም ጉዳይ አልነበረብኝም፣ እታለም። ሁለት ወር ሙሉ አገሩን ፈሪ ነው፣ ጅል ነው እያልኩ ስሳደብ ከረምኩ፤ ያን ቀን እግሬ ተሳሰረ። ይኸው በጭነት መኪና ላይ ስንገላታ ውዬ ቢቸና ደርሻለሁ፤ ጭቃው አላሳልፍ ብሎን እዚሁ ልናድር ነው። ለጋሼ ኃይለ ሚካኤል ይህንን አትንገሪብኝ። ቤንዚን ጠፋ፣ ዝናቡ በረታ በያቸው፤ ጉልበታቸውንም ስመሽ ይቅርታ ለምኝልኝ። ፈንታነሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። ውበቴ በአጎቴ አውሮፕላን አያቶቼ ዘንድ እሄዳለሁ ትላለች ብለሽኝ ነበር፤ በመኪና አምጫት።

ወንድምሽ ይርሳው

ቢቸና፣ ሰኔ ፲፭ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.