የሐሙስ በር

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

የዩኒቨርሲቲውን ሙዚየም አዳራሽ ሦስት ሰዓት ላይ ከፈትኩ። ጎብኚ፦ 11። ከዋሄን ገበያ የመጡ ሁለት ገንዘብ መንዛሪዎች፣ የቀሩት ተማሪዎች። ሐጅያ ሻምሶ እንደ ልማዷ ሥዕል ቁጥር 14 ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሟች ባሏ ኤልሚ የሳለው እሷን ነው፤ በወጣትነቷ፣ በስደተኞች ሰፈር፣ ጀሪካን ተሸክማ። ውሃ ልኬን አውጥቼ ፍሬሙን ሳስተካክል ሳቀች።

"መምህር፣ እሷስ ቀጥ ብላለች። የጠመመው ያንተ ትከሻ ነው።"

ድሬዳዋ ያደገች ናት፤ ለሁሉም "አንተ" ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ሜትር ይዞ መጣ። የኤልሚን ሥዕሎች ብቻ ለካ… ቁመት፣ ወርድ፣ የፍሬም ውፍረት። አንዱንም ሥዕል አላየም። ለካ እንጂ አላየም።

"ለኢንሹራንስ ነው፣ ጋሼ" አለኝ አያንሌ፣ የሙዚየሙ ኃላፊ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ውፍረቱን ለምን ለካው? ውፍረት የሚፈለገው ሣጥን ሲሠራ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ጎብኚ፦ 8። ሃያ ሦስቱም የኤልሚ ሥዕሎች ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ሌሎቹ ላይ የለም።

"ይሄ ምንድነው?" አለች ሐጅያ።

"የኢንሹራንስ ነው መሰለኝ።"

የማላውቀውን ተናገርኩ። ለምን?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

አያንሌ ቢሮው ጠራኝ። የሥዕሎቹ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የኔው እጅ ጽሑፍ።

ሐጅያ ሥዕሎቹን ለዩኒቨርሲቲው ስትሰጥ አንድ ቃል አስገብታ ነበር፦ ለዐሥራ አምስት ዓመት፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ለማንም ሰው በነፃ ይታዩ። ከዚያ ወዲያ ዩኒቨርሲቲው እንደፈቀደ ያድርግ። ዋናው ውል ጠበቃው ዘንድ ነበር፤ የዋሄን ገበያ ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ። የቀረው የኔ መዝገብ ብቻ ነው።

"የተሰጠበት ዓመት 2008 ይላል፣ ጋሼ። ዐሥራ አምስት ሲጨመር 2023። ካለፈ ሁለት ዓመቱ። ገዢም ተገኝቷል፤ ከውጭ አገር ነው።"

2008… የኛ 2008! በፈረንጅ 2016 መሆኑ ነው። ውሉ ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል። ያኔ ከኮምቦልቻ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ሦስተኛ ወሬ ነበር፤ እዚህ የሚቆጠረው በፈረንጅ ነው። እጄ እንደለመደው በኛ አቆጣጠር ጻፍኩ፤ "ዓ.ም." እንኳ አልጨመርኩም።

መዝገቡን ዘግቼ ወጣሁ።

አያንሌ አዲስ አበባ አራት ዓመት ተምሯል። የኛን አቆጣጠር አያውቅም?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተማርኩ። መለኪያ የሌለው መልስ ዜሮ። "አምስት ምን? አምስት ሜትር ወይስ አምስት ፍየል?" እያልኩ ክፍሉን አስቅ ነበር። ናስር የሚባል ተማሪ በዚህ ምክንያት አልቅሷል።

ልጄ ሀፊዛ፦ "አባ፣ በቃ ጨምርበት። ዓ.ም. ብትል ውሸት አይደል!"

ውሸት አይደለም። እስክሪብቶውም ያው ሰማያዊ ነው። ግን ዛሬ የተነካ መዝገብ ነገ ምን ይመሰክራል?… ደብዳቤ እጽፋለሁ። ስህተቴን፣ በስሜ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ደብዳቤውን ሰጠሁ። አያንሌ ሁለት ጊዜ አነበበው። አልተቆጣም።

"እንዲህ የተመዘገበ ስንት ሥራ አለ፣ ጋሼ?"

"በመጀመሪያ ዓመቴ የመዘገብኩት በሙሉ። ስድሳ አንድ።"

"ስለዚህ መዝገቡ አይታመንም ማለት ነው።"

"ይታመናል እንጂ! ስምንት ዓመት መደመር ነው። ደግሞ አዳራሹ ራሱ የተከፈተው በፈረንጅ 2013 ነው። ሥዕል ከግድግዳው ቀድሞ ይሰቀላል?"

"አዳራሹ የተከፈተበትን ቀን ኋላ መዝገቡ ላይ የጻፈው ማነው? እርስዎ አይደሉም?"

"ሐጅያን ጠይቃት።"

"እሷማ ባለጉዳይ ናት።"

ማስታወሻው ላይ 61 ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረ። ፈገግ ያለ መሰለኝ። ሃያ ሦስቱን ላድን ሄጄ ሠላሳ ስምንት ጨመርኩለት? ያ አላህ…

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ቁልፌ አልዞረም። በሩ ላይ ወረቀት፦ "ለማጣራት ተዘግቷል።" እስከ መቼ እንደሆነ አይልም።

ሐጅያ መጣች። ደረጃው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። 2008ን፣ ደብዳቤውን፣ ስድሳ አንዱን።

"ደብዳቤውን ሳትሰጥ ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ስህተቱ የኔ ስለሆነ…"

"ስህተቱ ያንተ ነው። ሥዕሉ ግን የባሌ እጅ ነው።"

በእግሯ ሄደች፤ ሚኒባስ ልጥራልዎ ብላት አልዞረችም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ጣውላ የጫነ መኪና በኋላ በር ገባ። አያንሌ ስልክ አያነሳም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 20 ቀን 2025

ዘበኛው ነገረኝ፦ ሣጥኖቹ ቅዳሜ ኤርፖርት ይሄዳሉ።

ሐጅያ አትመጣም ብዬ ነበር። መጣች። ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ከውስጥ መዶሻ ይሰማል… አራት ምት፣ ዝምታ፣ አራት ምት።

"የጻፍከው አለ አይደል? አንብብልኝ።"

የመዝገቡን ግልባጭ ከኪሴ አወጣሁ። "ቁጥር 14። የዘይት ቀለም፣ በሸራ ላይ። ቁመት 92 ሳንቲ ሜትር፣ ወርድ 61 ሳንቲ ሜትር። ወጣት ሴት፣ ቢጫ ጀሪካን በግራ ትከሻዋ…"

"የተሸከምኩት በቀኝ ነበር። ኤልሚ ነው የተሳሳተው።" ትንሽ ሳቀች። "አየህ? እሱም ተሳስቷል። እሱ ግን ቢያንስ እያየኝ ነው የተሳሳተው።"

ቀጥል አለችኝ። ሃያ ሦስቱንም አነበብኩ። ሃያኛው ላይ ስደርስ መዶሻው ቆመ።

ጎብኚ፦ 1 ሰው። ከበሩ ውጭ።