ሙንካይላ የዘራ ቀን

ሰኔ 2
ድንገት ዶፍ ወረደ። ዋና ከተማችን ኒያሜ ፈነደቀች። እኔ ግን የአየር ትንበያ ቢሯችን ውስጥ የነፋስ ካርታዬን ደግሜ አየሁ... ከደቡብ ባሕር የሚነሳውን እርጥብ ነፋስ የሰሃራ ግለት ገና አልሳበውም። የአንድ ቀን ደመና እንጂ ክረምት አይደለም።

ወንድሜ ሙንካይላ ጋ ደወልኩ። መንደርም ዘንቧል።

«ጋሼ፣ እንዳትዘራ። ተመልሶ ይደርቃል።»

«መሬቱ ርሶ እያየሁ? ማን ነገረሽ?»

«ነፋሱ።»

ሳቀብኝና ዘጋው። ያለችው ዘር ጎተራው ውስጥ ያለችው ብቻ ናት። እሷን ከጨረሰ ሌላ የለውም።

ሰኔ 4
ጎረቤቱ አጋሊ ደወለ። በነገድ እሱ ቱዋሬግ፣ እኛ ዛርማ፤ በቀልድ መሰዳደብ ከአያቶቻችን የወረስነው መብት ነው።

«አንቺ የሰማይ ጠንቋይ! ወንድምሽን በረሃብ ልትፈጂው? አልዘራም ብሎ መንደሩ ሲስቅበት ጊዜ ዛሬ በጠዋት ወጣልሽ። እሱ በዶማ ጉድጓድ ሲከፍት፣ ሚስቱ ከኋላ ከቅሏ ዘር እየጣለች፣ በእግሯ እየደፈነች... እስከ ዳር ዘሩት!»

«ግመልህ ይርገጥህ» ብዬው ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን አለቀስኩ።

ሰኔ 12
ጠብታ የለም።

ሰኔ 16
ልክ ነበርኩ። ምን ሊጠቅመኝ? የመንደሩ ቡቃያ አርሯል። አለቃዬ «ድንቅ ትንበያ!» አለኝ። ልጮህበት ምንም አልቀረኝም።

ሙንካይላ ስልክ አያነሳም። አፍሮ ይሆን? ልጆቹን ምን ሊያበላ ነው?

ሰኔ 23
ነፋሱ ገባ! ይሄ ክረምት ነው። ግን በምን ዘር... አንድ ከረጢት የማሽላ ዘር ገዛሁ። ነገ እሄዳለሁ።

ሰኔ 24
መንደሩ ጭቃ በጭቃ። ሙንካይላ ማሳው ውስጥ እየዘራ ነው!

«ዘር ከየት አመጣህ?»

«ከጎተራዬ።»

«ያን ቀን ዘርተህ አልነበር እንዴ?»

ሚስቱ ሃሊማቱ ሳቋ አመለጣት። ያን ቀን ቅሏ ባዶ ነበረች! መንደሩ እንዳይስቅባቸው ቀኑን ሙሉ ባዶ እጇን ስታራግፍ ነው የዋለችው።

«ታዲያ ስልክ ለምን አታነሳም?»

«አንቺ ምስጢር ትጠብቂያለሽ? በማግስቱ አጋሊ ጋ ትዘረግፊው ነበር።»

አልሃምዱሊላህ! ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ለካ አምኖኝ ኖሯል።

ከረጢቱን ቡቃያው ያረረበት አጋሊ ወሰደው። «ከዛርማ እጅ ዘር መቀበል! ምን ዓይነት ውርደት ነው?» እያለ ዓይኑ እንባ ሞላ።

ስሄድ ሙንካይላ መኪናው ድረስ ሸኘኝ። በሩን ከዘጋልኝ በኋላ በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ለከርሞም ደውዪ፤ አነሳለሁ» አለኝ።