በፈረሱ ጭራ በኩል

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጭንቅላቴ ግን ደህና አይደለም። ነገ ጠዋት ስብሰባ አለ፤ ምን እንደምል እስካሁን አላውቅም።

ፈረሰኛው ሐውልት ተነሥቷል። መንገዱ ሊሰፋ ነው ብለው በክሬን አውርደው፣ ማዘጋጃ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ሸራ አልብሰውታል። የት ይቁም የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ ሲቋቋም «የሰፈሩ ልጅ ነሽ» ብለው እኔንም ከተቱኝ። መሐንዲሱ «የከባድ መኪና ንዝረት የፈረሱን እግር ሰንጥቆታል፤ አደባባዩ ላይ ከመለስነው ይወድቃል፤ ሙዚየሙ ግቢ ይግባ» ይላል። ስንጥቁን በጣቴ ዳስሼዋለሁ፤ እውነቱን ነው። የሰፈሩ ሰው ደግሞ «ወይ ፍንክች!» ብሎ ሊበላን ደርሷል። የኮሚቴው ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፍሎ ድምፅ ሳልሰጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እኔን ያስጨነቁኝ ግን አባባ ናቸው። አንተ ለሥራ ከሄድክ ወዲህ መርሳት ጀምረዋል፤ አንዳንዴ በእማዬ ስም ይጠሩኛል። ቤቱን ግን ስተውት አያውቁም። በፈረሱ ጭራ በኩል ታጥፎ ቁልቁል ነው፣ አለቀ። ትዝ ይልሃል፣ «እኛ ቤት እንግዳ የሚመጣው በጭራ በኩል ነው» እያልክ ስታስቀን? ስለዚህ ሐውልቱ ካልተመለሰ አባባ ይጠፉብኛል ብዬ ፈራሁ።

የፈራሁት አልቀረም፤ ባለፈው ማክሰኞ ወጥተው ቀሩ። ክሊኒኩን፣ ፖሊስ ጣቢያውን እያለቀስኩ አዳረስኩ። በመጨረሻ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው «አደባባዩ ላይ አይቻቸዋለሁ» አለኝ። ሐውልቱ የነበረበት ድንጋይ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። መኪናው በግራ በቀኝ ይጮህባቸዋል።

«አባባ፣ መንገዱ ጠፋዎት?»

«ለምን ይጠፋኛል?» ብለው ተቆጡ። «ፈረሱን ወስደውታል። ልጄ ሲመጣ በምን በኩል ይታጠፋል?» ከዚያ ትክ ብለው አዩኝና «አንቺ ደሞ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

ስቄ ላልቅስ፣ አልቅሼ ልሳቅ ጠፋኝ። እጄን ይዘው ቤት ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እዚያ ይቆማሉ፤ ብከለክላቸው አይሰሙኝም።

እና ነገ ምን ልበል? ይመለስ ብል ፈረሱ አንድ ቀን ሰው ላይ ይወድቃል። ሙዚየም ይግባ ብል አባባ ከዚያ ድንጋይ ላይ አይወርዱም። በአንተም ተናድጃለሁ፤ በደወልኩ ቁጥር «በቅርብ እመጣለሁ» ነው መልስህ። ደግሞ ናፍቀኸኛል። የቱን እንዳስቀድም እንኳ አላውቅም።

ብቻ ሐውልቱ የትም ይቁም የት፣ አንተ ቶሎ ና። መታጠፊያው እንዳይጠፋህ፣ በከዘራው በኩል ነው።

ግራ የገባት እህትህ