በአባትሽ ለቅሶ ላይ የሳቅሁት

ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 2004 ዓ.ም.

ውድ እታፈራሁ፣

ፊደሎቼ ተንጋደው ስታዪ ለተማሪ ሰጥቶ ያስጻፈው ነው እንዳትዪ። ቀኝ እጄ እርሳስ መያዝ ስላቃተው በግራዬ ነው የምጽፈው። ሃያ ዓመት ሙሉ በተማሪ የእጅ ጽሕፈት ስቀልድ ኖሬ የእጄን አገኘሁ።

ፈርቻለሁ። ቦዲቲ ከተማ፣ በአባትሽ ለቅሶ ላይ፣ ሰው ሁሉ ደረቱን ሲመታ እኔ ሳቅሁ። ለለቀስተኛ የመጣውን ዳቦም ከሽማግሌዎቹ ቀድሜ አንስቼ በላሁ። አንቺ ከሴቶቹ መሐል ቀና ብለሽ አየሽኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች «ጠጥቷል» ብለው ከመዘምራን አገዱኝ። እኔና መጠጥ! አንቺ ደግሞ ንቆኛል ብለሽ እዚያው ቀረሽ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና ስሚኝ። ማክሰኞ እህቴ ጥሩወርቅ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። እኔ ስለ እጄና ስለ ምላሴ መተሳሰር ነገርኩት፤ ሳቁን የነገረችው እሷ ናት።

«ሲስቁ የባለቤትዎ ፊት ምን ይመስል ነበር?» አለኝ።

አሰብኩ። ሻሽሽ ጥቁር እንደነበር አስታወስኩ። ፊትሽን ግን አጣሁት።

«መምህር፣ ይህ በሽታ ጡንቻን የሚያዝዘውን ነርቭ ነው የሚጎዳው። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ጠባይንም ይለውጣል፤ ለሌላው ማዘንን ይቀንሳል። ታማሚው ራሱ ላይታወቀው ይችላል» አለኝ። መድኃኒቱን ስጠይቀው «የሚያድን እስካሁን አልተገኘለትም» አለኝ። ተረቱ ዋሸ ማለት ነው።

እጄ ሲደክም አየዋለሁ። ለሌላው ማዘኔ ግን ከውስጤ ሲወጣ አይታየኝም፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ማፈር እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ እፍረቱ ግን እስከ ዛሬ አልመጣልኝም። ነገ ደግሞ አንቺ ስታለቅሺ ዝም ብዬ ባይሽስ? እባክሽ ነይልኝ። ደህና ነኝ፣ ሂጂልኝ ብልሽም አትስሚኝ።

እዚህ ላይ ጨርሼ ለጥሩወርቅ እንድታነበው ሰጠኋት። አንብባ አለቀሰች። ምን እንዳስለቀሳት ስላልገባኝ ጠየቅኳት።

«አባቷ ሞተውባት የለም እንዴ? አንድ ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› እንኳ የለበትም እኮ፣ አንጁሎ!»

ተቀብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነቷን ነው፤ የለበትም።

እታፈራሁ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን መስመር ያስጻፈችኝ እሷ ናት።

ባልሽ አንጁሎ