ከቀበሌው አዳራሽ ወደ መገበሪያዬ ስለመጣው ቀይ ስንዴ

ለተከበሩ አቶ ምንይችል
የቀበሌያችን አስተዳዳሪ
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? የኅዳር ብርድ እየበረታ ስለሆነ ጉንፋን እንዳይደፍርዎ፣ ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና እንዲሰነብት፣ በተለይም በቤትዎ የሚበላው እህል ማንም ያልረገጠውና ማንም ያልሸናበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህ የመጨረሻው ምኞት ለእኔ ስላልደረሰኝ ነው ከቀበሌው አዳራሽ ጋር አንድ ግድግዳ የምጋራው እኔ፣ ንግሥቴ አበጋዝ፣ ለአራተኛ ጊዜ የምጽፍልዎ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ያህል፣ በልጅነቴ ደሴ አዳሪ ትምህርት ቤት ስማር መምህርታችን ሰኞ ሰኞ ጥፍራችንንና የአልጋችንን ሥር ትፈትሽ ነበር። ከዚያም ሃያ ሰባት ዓመት የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ በእኔ እጅ እያለ በአይጥ የተበሳ አንድ ጆንያ የለም። ባለቤቴ ካረፉ ጀምሮ ደግሞ ላለፉት ሠላሳ አንድ ዓመታት ለኅዳር ጽዮን በዓል የደብራችንን መገበሪያ፣ ማለትም ለቁርባን ኅብስት የሚሆነውን ስንዴ፣ የማቀርበው እኔ ነኝ። ይህ ስንዴ ያልተሰበረ፣ ያልነቀዘ፣ አንድ በአንድ የተለቀመ መሆን እንዳለበት ለእርስዎ ማስረዳት አይገባኝም፤ በዓሉ ሲከበር ከፊት የሚቆሙት እርስዎ ነዎትና።

ቅሬታዎቼን በአክብሮት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ስለ ዘሩ። በሰኔ ወር ለገበሬው ይከፋፈላል የተባለው የስንዴ ዘር አዳራሹ ውስጥ ገባ። ተባይ እንዳይነካው በመድኃኒት የታሸ በመሆኑ ቀለሙ ቀይ ነው። የሚያከፋፍለው ኮሚቴ ለፊርማ አልተሟላም ተባለና በሩ ተቆለፈ። ገበሬው ያለችውን ዘርቶ፣ አርሞ፣ አሁን እያጨደ ይገኛል፤ የእርስዎ ዘር ግን ዛሬም ፊርማ ይጠብቃል። ጆንያዎቹ ርብራብ ሳይደረግላቸው ባዶ መሬት ላይ፣ በእኔ ግድግዳ ላይ ተደግፈው እንደተከመሩ በመስኮቱ ስንጥቅ ይታያል። ከግድግዳ አንድ ክንድ መራቅ እንዳለባቸው በእኔ ጊዜ ተላላኪ እንኳ ያውቀው ነበር። ለአይጥ ወገን ስላሳዩት መስተንግዶ፣ እነሱ መጻፍ ስለማይችሉ፣ በስማቸው አመሰግናለሁ።

፪. ስለ ባለሙያው። ሁለተኛውን ማመልከቻ ካስገባሁ በኋላ አንድ ባለሙያ ስለላኩልኝ ውለታዎን አልረሳም። ባለሙያው በእኩለ ቀን መጥቶ፣ ከደጃፉ ሳያልፍ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ለመጠጣት በሚበቃ ጊዜ ውስጥ ምርመራውን አጠናቆ «አይጥ በአካል አልታየም» ብሎ ጽፎ ሄደ። አይጥ ለእንግዳ ወጥታ እንደማትሰለፍ ስላልነገሩት ይሆናል። ወደፊት ለሚልኩት ሰው እንዲጠቅም ምልክቶቹን እነሆ። የዛሬው ኩስ ጥቁርና እርጥብ ነው፤ የቆየው ግራጫ ሆኖ ሲነኩት ይፈረፈራል፤ በእኔ ጓዳ ሁለቱም አሉ። በግድግዳው ግርጌ እነሱ ሁልጊዜ በሚያልፉበት መስመር የሰውነታቸው ቅባት ያሳደፈው ጥቁር ጭረት አለ፤ በጨርቅ ብፈትገው በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ሽንታቸው ዓይን ያቃጥላል። የልብስ ሣጥኔን ስከፍት ከጆንያ ክርና ከነጠላዬ ጥለት በተሠራ ጎጆ ውስጥ ፀጉር ያላበቀሉ ሰባት ቀያይ ግልገሎች ሲላወሱ አገኘሁ። ነጠላውን አቃጥዬዋለሁ።

፫. ስለ ምክሩ። ለሦስተኛው ማመልከቻ መልስ የሰጡኝ በቃል ሲሆን፣ እሱንም ያደረሰልኝ የአዳራሹ ጥበቃ ይሄነው ነው። ድመት እንዳሳድግ መክረውኛል። እኔም እሺ ብዬ የጎረቤቴን የወይዘሮ በዛችን ድመት ተዋስኩ። በዚያው ሳምንት ግን ይሄነው በትእዛዝዎ አዳራሹ ውስጥ የአይጥ መርዝ በትኖ ኖሯል፤ ለጎረቤት መንገር በትእዛዙ ውስጥ አልነበረም። መርዙን የበሉት አይጦች አዳራሽዎን ላለማቆሸሽ ተጠንቅቀው የሞቱት በእኔ ግድግዳ ውስጥ ነው። ሽታው አሥራ አንድ ቀን ቆየ፤ እንጀራዬን ይዤ ወጥቼ ደጅ እበላ ነበር። ድመቷም ከነዚሁ አንዱን በልታ በሁለተኛው ቀን ሞተች። በዛች እንባዋን እየጠረገች «እንግዲህ እትዬ ንግሥቴ፣ ለዚች ደግሞ ምትክ ከቀበሌው ያስፈርሙልኝ» አለችኝ። ይሄነውን ስወቅሰው ደግሞ «እኔ ምን ላድርግ እትዬ፣ አይጧን ስታልፍ መታወቂያ ልጠይቃት?» አለኝ። ልጁ ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ የተሻለ መልስ የሰጠኝ በመሆኑ የደረጃ እድገት እንዲታሰብለት እጠይቃለሁ።

፬. ስለ መገበሪያው። ወደ ዋናው ነገር የመጣሁት በመጨረሻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለበዓሉ ያስቀመጥኩትን ስንዴ ልለቅም ጎታዬን ከፈትኩ። ጎታው ከግድግዳ የራቀና በድንጋይ ላይ የቆመ ነበር፤ ቢሆንም ከሥሩ ቦርቡረውታል። ስንዴውን ሰፌድ ላይ ሳፈሰው ከኩሱና ከተላጠው ገለባ መካከል ቀይ ፍሬ አየሁ። ከዚያም ሌላ። መቁጠሬን ያቆምኩት አርባ ላይ ስደርስ ነው። አይጦቹ የእርስዎን መድኃኒት የታሸ ዘር ተሸክመው መጥተው፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ከሚቀበሉት ቅዱስ ቁርባን ስንዴ ጋር አደባልቀውታል። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ አንዲቱ ብታመልጠኝስ ብዬ ሳስብ ሰፌዱን ማስቀመጥ እንኳ አቃተኝ። ከአርባዎቹ ቀይ ፍሬዎች በቀር ስንዴውን በሙሉ ጉድጓድ አስቆፍሬ ቀበርኩትና ወደ ቄሰ ገበዙ ሄጄ ተናገርኩ። እሳቸው አልተቆጡኝም፤ «አይዞሽ ልጄ» ነው ያሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥያቄዬ አንድና አጭር ነው። የወንድሜ ልጅ ንጉሡ ከአውድማ አዲስ ስንዴ ኅዳር ፲፭ ቀን ያመጣልኛል፤ በዓሉ ኅዳር ፳፩ ነው። ከ፲፭ በፊት አዳራሹ ተከፍቶ ዘሩ ይውጣ፤ በእርስዎ በኩል ያለው የግድግዳ ቀዳዳ በጠጠርና በሲሚንቶ ይደፈን፤ በእኔ በኩል ያለውን በገዛ እጄ ደፍኛለሁ። ካልሆነ አዲሱን ስንዴ የማሳድርበት ንጹሕ ቦታ ስለሌለኝ፣ በሠላሳ ሁለተኛው ዓመት መገበሪያውን ሌላ ሰው ያቀርባል። ቄሰ ገበዙም ምክንያቱን ለምእመናን እንዲናገሩ ፈቅጄላቸዋለሁ፤ እርስዎ ከፊት ስለሚቆሙ በደንብ ይሰሙታል።

ለሕዝብ ከሚያደርጉት ድካም ላይ ይህን ስላከልኩብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለትዕግሥትዎ፣ በተለይም ከሰኔ እስከ ኅዳር ለዘለቀው ትዕግሥትዎ፣ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ።

የግድግዳ ተጋሪዎ
ንግሥቴ አበጋዝ
ኅዳር ፰ ቀን

አባሪ፦ በላስቲክ የታሸጉ አርባ ቀይ የስንዴ ፍሬዎች። ለባለሙያው «በአካል» እንዲታዩ።

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ላደርሰው አስቤ ነበር። ነገር ግን ትናንት ወደ መዝገብ ቤትዎ ሄጄ የቀድሞዎቹን ሦስት ማመልከቻዎች እንድታሳየኝ ሠራተኛዋን ድንቅነሽን ብጠይቃት፣ ፋይሉን አውጥታ ከፈተችውና ወደ እኔ ገፋችው። ጠርዛቸው በጥርስ ተሸርፏል፤ በፊርማዬም ላይ ኩስ አለ፤ እርጥቡ ዓይነት ነው። የእርስዎ እጅ ግን በአንዱም ላይ አላረፈም። ከሰኔ ወዲህ በመሥሪያ ቤትዎ ማመልከቻዎቼን የነካቸው አይጥ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን አራተኛውን ደብዳቤ ጥርስ እንዳይደርስበት በአደባባዩ ማስታወቂያ ሰሌዳ መስታወት ውስጥ አስለጥፌዋለሁ።