አንቺን ያስተኛሁበት ዜማ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ይድረስ ለልጄ፣ ለጤዛዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሕፃኗ በሰላም መወለዷን ከአክስትሽ ሰምቼ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ትንሽ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ስልክሽን ብሞክር ብሞክር አልነሳ ሲለኝ፣ ወረቀት ይሻላል አልኩ። ወረቀት ጠርቶ ጠርቶ አይዘጋም።

“አባዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ” ብለሽ መልእክት ከላክሽልኝ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። ሰው ምን እንዳወራልሽ አላውቅም። የሆነውን ከራሴ አፍ ስሚው።

ሶፋ የማድስበት ቤት ውስጥ ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ አሮጌ ወንበር ገልብጬ ጨርቁን ስነቅል፣ አናጢው ስልኩን ከፍ አደረገና “ይሄን ዘፈን ስማ! ከተማው አብዷል እኮ” አለኝ። መጀመሪያ ከበሮው ገባ። ቀጥሎ የመጣውን ዜማ ግን አውቀዋለሁ። እናትሽ ሆስፒታል አዳር ተረኛ ስትሆን፣ አንቺ አልተኛም ብለሽ ስታለቅሺ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌሽ ክፍሏን እየተመላለስኩባት የፈጠርኩት ነው። “እንቅልፍ መጥቶ በር ላይ ቆሟል፤ ግባ በይው፣ ጤዛዬ” እልሽ ነበር። ዘፋኙ “ፍቅር መጥቶ በር ላይ ቆሟል፤ ግባ በይው፣ ጤናዬ” ይላል። አንቺን ለማስተኛት ስንት የለፋሁበት ዜማ ሰው ያስጨፍራል!

“ይሄ የእኔ ነው” አልኩት አናጢውን።

“እንግዲያውስ ቀጥሎ የሚመጣው የእኔ ነው” ብሎ ሳቀብኝ።

ያመነችኝ የጎረቤታችን ልጅ፣ ተማሪዋ ብቻ ናት። አንቺ እርጉዝ ሆነሽ “አባዬ፣ ያቺን ዜማ ላክልኝ” ስትዪኝ፣ ኩሽና ቆሜ፣ ቧንቧው እየፈሰሰ፣ በስልክ ቀድቼ የላኩልሽን በስሜ ኢንተርኔት ላይ ጫነችልኝ። ውሎ ሳያድር የኢንተርኔቱ ሰዎች አነሱት። “ምን ይላሉ?” ብላት ሁለት ጊዜ አነበበችው። በኋላ ቀስ ብላ፣ “የሌላ ሰው ንብረት ነው፣ ያለ ፈቃድ ተጠቅመሃል ነው የሚሉት፣ አባባ” አለችኝ።

በገዛ ድምፄ ሌባ ተባልኩልሽ። ያን ቀን ያፈላሁት ሻይ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። የምነግረው ሰው ፈልጌ ቤቱን ዞርኩት፤ ያለችው የእናትሽ ፎቶ ናት። ለእሷ ነገርኳት።

ተማሪዋ ከአንዲት ጠበቃ ጋር አገናኘችኝ። ጠበቃዋም ዘፋኙን ከነጠበቃው ቢሮዋ ጠራችው። እኔ ጉልቤ ነገር ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ጢሙ በቅጡ ያልሞላ ልጅ ነው። ስገባ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

“አባባ፣ በእናቴ ልማልልዎት፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነው ያገኘሁት። የማንም ስም አልነበረበትም። ባለቤት የሌለው የድሮ ዜማ መስሎኝ ነው።”

“ባለቤቱ ካልታየህ ያንተ ነው ማለት ነው?” አልኩት።

“ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው” አለና አቀረቀረ።

ይሄኔ የእሱ ጠበቃ ያንቺን ጽሑፍ አወጣ። ዜማውን ለጓደኞችሽ ስታጋሪ፣ ከሥሩ “አባቴ ነው፤ ደስ ያለው ይውሰደው” ብለሽ ነበር። “ልጅዎ ሰጥታለች እኮ!” አለኝ።

የእኔዋ ጠበቃ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ። “አንድ መንገድ አለን። ልጄ ያለ ፈቃዴ ነው የበተነችብኝ ብለው ይፈርሙና እሷንም አብረን እንክሰስ።”

“ልጄን ልክሰስ?”

“ለወግ ያህል ነው። ስሟ ወረቀቱ ላይ ይገባል እንጂ ማንም አይነካትም።”

“ዜማውን ለማን የሠራሁት ይመስልሻል?”

“ለእሷ።”

“ለእሷ ከሆነ ለፈለገችው ብትሰጥ ምኔ ነው?”

አይታ አይታኝ ፋይሉን ዘጋችው። ክሱ በዚሁ ቀረ።

ደረጃውን ስወርድ ዘፋኙ ተከትሎኝ መጣና ክንዴን ደገፈኝ። ስሜን ከዘፈኑ ሥር እንደሚያስገባ ነገረኝ፤ እስካሁን አላስገባም። በር ላይ ስንደርስ፣ “አባባ፣ እኔ ጤናዬ ያልኩበት ላይ ቃሉ ምን ነበር? የቧንቧው ውኃ ዋጠብኝ” አለኝ። ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በዚህ ዓለም ጤዛዬ የሚልሽ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። “እንዳልከው ይሁን” አልኩት።

አላመመኝም ብዬ አልዋሽሽም። አናጢው ዛሬም ይከፍተዋል፤ እኔም ምስማሬን ጠበቅ አድርጌ እመታለሁ። ድሮ ዕቃ ሳጥብ አንጎራጉረው ነበር፤ አሁን ሲጀምረኝ ከሬዲዮ የለቀምኩት እየመሰለኝ ተውኩት። ቤቱ ጭጭ አለ።

አንቺ ግን ምንም አላጠፋሽም። በእኔ ደስ ብሎሽ ነው ለሰው ያሰማሽው። ከእናትሽ ወዲህ በእኔ ደስ ያለው ሰው መኖሩን ያወቅሁት ያንን ጽሑፍ ሳይ ነው። ጠበቃው እኔን ለማሸነፍ አወጣው፤ እኔ ደግሞ ደጋግሜ አስነበብኩት።

አሁን ለልጅሽ ሌላ ዜማ ጀምሬያለሁ። ገና ሁለት ስንኝ ነው። ስሟን ስላልነገርሽኝ፣ ስሟ የሚገባበት ላይ እምም እያልኩ አልፌዋለሁ። ተማሪዋ በስልክ ትልክልሻለች። ከወደድሽው ለፈለግሽው ስጪ፤ ማንም ይውሰደው፣ አልቆጣም።

ልጅሽን ያሳድግልሽ። እጅሽን ሥራ፣ ደጅሽን ሰላም አይንሳው። ባለሽበት ሰው አያሳጣሽ።

ዜማውን ስታሰሚያት ተኛች ወይስ አልተኛችም? ሌላው ቢቀር እሱን ጻፊልኝ።

አባትሽ