ሳላነብ አይደለም የተቀበልኩት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህም ለመጻፍ እያመነታሁ ነው። የታሪፍ ገጹ የጠፋው በእኔ እጅ ነው።

ለትምህርት የምንሠራው ፕሮግራም ከሆሳዕና መናኸሪያ የሚወጡ ሚኒባሶችን ተራና ታሪፍ የሚያሳይ ነው። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ታሪኳና የቡድን መሪያችን ማርቆስ። ታሪፉ የእኔ ድርሻ ነው። የዱራሜንም የዳምቦያንም ጨርሼ ነበር።

መመሪያችን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አለ። ዋናውን ኮድ ማንም በቀጥታ አይነካም። እያንዳንዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የዋናውን አዲስ ቅጂ ያወርዳል። የሠራውን ሌላ ሰው አይቶ «አፕሩቭ» ካላለው ዋናው ውስጥ አይገባም። የማርቆስን የማየው እኔ ነኝ። የመረጠኝ ራሱ ነው።

ዛሬ ሥራውን ላከ። ከፍቼ አየሁት። የእኔ ገጽ ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆኗል። ቀይ ማለት የሚሰረዝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ማርቆስ የመዘምራን መሪያችንም ነው። ልምምድ ላይ ድምፄን የሚያስተካክለው እሱ ነው። እንዴት አይሆንም ይባላል? አፕሩቭ አልኩ።

ማክሰኞ

ታሪኳ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ገጹን ፈልጋ አጣችው። «ማነው ያየው?» አለች። ስሜን ከማርቆስ ሥራ ሥር ስታገኘው «አንቺ ልጅ፣ ቤታችሁን ላፍርስ ቢልሽም አፕሩቭ ትያለሽ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ማርቆስ ደግሞ ምንም አልመሰለው። «እህቴ፣ እኔ እኮ አንቺን የመረጥኩት ስለማታስቸግሪ ነው።» ምስጋና መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ከውስጤ አልወጣም።

ረቡዕ

መብራት የለም። ምንም አልተሠራም። ባጃጅ ውስጥ ለማርቆስ የምለውን በልቤ ስለማመድ መውረጃዬን አለፍኩ። በእግሬ ተመለስኩ። ሳገኘው «ሰላም ነው?» ብቻ አልኩት።

ሐሙስ

መብራት መጣ። ታሪኳ የበፊቱ ኮድ እንዴት እንደሚመለስ አሳየችኝ። ለካ የተሰረዘው ሁሉ ተቀምጦ ይቆያል። ገጼን መለስኩት፤ እሷ አይታ አፕሩቭ አለች። የዳምቦያ ታሪፍ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ደስ አለኝ። ደስታው ግን አልቆየም።

ከሰዓት ማርቆስ እንደገና ላከ። እንደገና ቀይ። ሆን ብሎ አይደለም። የኢንተርኔት ፓኬጅ እንዳያልቅበት አዲሱን ሳያወርድ የእኔ ገጽ በሌለበት በአሮጌው ቅጂ ላይ ይሠራል። «መጀመሪያ አውርዱ» ብሎ መመሪያውን የጻፈው ግን እሱ ነው። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ነገ ከሰዓት እናስረክባለን። መምህራችን የእያንዳንዳችንን ድርሻ ለየብቻ ነው የሚያዩት። እኔ ከዚያ ገጽ ሌላ የማሳየው የለኝም።

«አፕሩቭ በይልኝ እንጂ እህቴ» ብሎ ጽፎልኛል። አልመለስኩለትም። ግን ዝም ማለት እምቢ ማለት አይደለም፤ ይሄ ይገባኛል።

ነገ ጠዋት ላብ ሳይከፈት በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ። በስልክ አልጽፍለትም፤ በስልክ እሺ ማለት ይቀናኛል። «ወንድሜ ማርቆስ፣ መጀመሪያ አዲሱን አውርድ፣ ከዚያ አየዋለሁ» እለዋለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። እሱ እንደሆነ ለምዶታል።